የሸክላ ሠሪዋ ክስና የመምህር ዘርአ ዳዊት ምርመራ

የሥጋ ደዌ በመልክ ይታያል፣ በመዳሰስም ይታወቃል፤ የነፍስ ሕማም ግን ማደሪያው ስውር፣ መንገዱም ረቂቅ ስለሆነ፣ ሰዎች ምክንያቱን በገዛ ቤታቸው መፈለግን ይተዉና ከአጥር ውጭ ወደሚኖረው፣ ርስት ወዳልተሰጠውና ጠበቃ ወዳጣው ጎረቤት ጣታቸውን ይቀስራሉ። ልባም አንባቢ ሆይ፣ ይህ ስሕተት የአላዋቂዎች ብቻ አይምሰልህ፤ ብዙ መጻሕፍት የመረመረ ሊቅም የተገፋውን ሰው ከሩቅ ሆኖ ሲያጠና የሚስተው ነገር አለ፤ ይህንንም ከዚህ ቀጥሎ ከሚተረከው ነገር ትረዳዋለህ።

ከዓባይ ወዲህ ግራር ውኃ በምትባል አገር፣ ከወንዙ ዳር፣ ዐሥራ አንድ የሸክላ ሠሪ ቤተ ሰቦች ይኖሩ ነበር። የአገሩ ሰው ሁሉ ወጡን የሚሠራው በእነርሱ ድስት፣ ውኃውን የሚቀዳው በእነርሱ እንስራ ሲሆን፣ ከእነርሱ ጋር ግን ማዕድ አይቀርብም፣ ልጁንም አይድርም፤ «ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ» እያለ ሲገናኛቸው ፊቱን ይሸፍን ነበር። በዚያች አገር የሚያስተምር መምህር ዘርአ ዳዊት የሚባል፣ በትርጓሜ መጻሕፍት የበሰለ፣ በጠባዩም ርኅሩኅ የሆነ ሊቅ ነበረ። እርሱም ሃያ ዓመት ሙሉ «ቡዳ በላቸው» ከተባሉት ሕሙማን አልጋ አጠገብ እየተቀመጠ፣ ከአፋቸው የወጣውን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ በብራና ይጽፍ ነበር፤ የክሱን ሐሰትነት አንድ ቀን በዳኛ ፊት በማስረጃ ለመግለጥ ተስሎ ነበርና።

ያ ቀን ሳይታሰብ ደረሰ። የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ወንድይራድ ለልጃቸው ከሩቅ አገር ያጩለት፣ ገና የሠርጓ ወራት ያልተፈጸመ ወይዘሮ አጸደ የምትባል ሙሽራ በድንገት ታመመች፤ ጉሮሮዋ ተዘጋ፣ እጆቿ ደረቁ፣ ቀን በቀንም እየወደቀች ትንፈራገጥ ጀመር። ጠበል ቢያጠምቋት አልተሻላትም። በመጨረሻ አንድ ባለ መድኃኒት ሥር አጢሶ «ማን ነው የያዘሽ? ተናገሪ!» ብሎ ባስጨነቃት ጊዜ፣ «ሸክላ ሠሪዋ ደብሪቱ!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያም ድምፅዋ ሰልሎ አንድ ቃል ጨመረች። መምህሩ እንደ ልማዱ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ የሰማውን ጻፈ፤ በዙሪያው የቆመው ሁሉ ግን ያን ቃል «በላችኝ» ብሎ ሰማው፤ ደጃዝማቹም በቁጣ ነደው የሸክላ ሠሪዎቹን መንደር በዘብ አስከበቡና፣ ሙሽራይቱ ካልዳነች ዐሥራ አንዱም ቤት እንዲቃጠል፣ ሰዎቹም ወንዙን ተሻግረው እንዲሰደዱ ፈረዱ። መምህሩ ከእግራቸው ወድቆ ለምኖ የሦስት ቀን ቀጠሮ አገኘ።

ቀለሙንና ብራናውን ይዞ ወደ ደብሪቱ ቤት ወረደ፤ እንደ ልማዱም ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጥያቄውን ጀመረ። ደብሪቱ ዕድሜዋ ኀምሳ ያለፈ፣ ባሏ የሞተባት፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ነበረች። ከደጇ ቆማ አየችውና እንዲህ አለችው፦

«መምህር፣ ስለ እኛ መጻፍ ከጀመሩ ሃያ ዓመት ሆነዎት፤ አንድም ቀን ግን ከዚህ አጥር አልፈው አልገቡም፣ ውኃችንንም ቀምሰው አያውቁም። እርስዎም እንዳንበላዎ የሚፈሩ ከሆነ፣ የሚጽፉት ለማን ነው?»

ይህ ቃል ከብዙ ሊቃውንት ክርክር ይልቅ ልቡን ወጋው፤ እውነት ነበርና። ተነሥቶ ገባ፣ እጁን ታጠበ፣ ያቀረበችለትን የባቄላ ንፍሮ በላ፣ ውኃም ጠጣ፤ እስከዚያ ቀን ፈርቶ እንደ ኖረም አልካደም። ከዚህ በኋላ ብራናውን ዘርግቶ የሙሽራይቱን ቃል እንደ ጻፈው አነበበላት፦ «ሸክላ ሠሪዋ ደብሪቱ አየችኝ።»

«በላችኝ አላለችም?» አለች ደብሪቱ ደንግጣ።

«አላለችም። እኔ የሰማሁትን ቃል አልለውጥም፤ ለከሳሾቹ ግን ማየትም ይበቃቸዋል።»

«እንግዲያስ እውነቷን ነው፤ አይቻታለሁ» አለችና፣ እስከዚያች ሰዓት ለማንም ያልነገረችውን ነገረችው። ድስት ልታስረክብ ከደጃዝማቹ ግቢ በሄደችበት ቀን፣ ከሙሽራይቱ አገር መልእክተኛ መጥቶ እናቷ መሞታቸውን ለአማቷ ለወይዘሮ ትርንጎ ሲነግር ሰማች፤ ወይዘሮ ትርንጎም «ሙሽራ ናት፤ የሠርጓ ወራት ሳያልፍ መርዶ አይነገራትም» ብለው መልእክተኛውን በምስጢር ሰደዱት። አጸደ ግን ከመጋረጃው ኋላ ቆማ ሁሉን ሰምታ፣ ነጠላዋን ነክሳ በዝምታ ታነባ ነበር። «ዓይን ለዓይን ተጋጠምን፤ ጣቷን ከከንፈሯ ላይ አድርጋ ለመነችኝ። እኔም ዝም አልሁ። ብናገርስ የሸክላ ሠሪን ቃል ማን ይሰማል?»

መምህሩ በማግሥቱ በችሎት ቆሞ፣ ብራናውን በአንድ እጁ ይዞ፣ «ጌታዬ፣ ይህችን ልጅ የበላት ሰው የለም፤ የእናቷን ሞት ተደብቃ ሰምታ የዋጠችው ልቅሶ ግን ጉሮሮዋን ዘግቷል። ይህንም የተማርሁት ከመጻሕፍቴ አይደለም፤ ከወይዘሮ ደብሪቱ ነው» አለ። ሸክላ ሠሪ «ወይዘሮ» ስትባል ሰምቶ የማያውቀው ጉባኤ አጉረመረመ። ደጃዝማቹ ወደ ሚስታቸው ዘወር ቢሉ ወይዘሮ ትርንጎ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ለደስታዋ ብዬ ነበር፤ አጠፋሁ» አሉ። ያን ጊዜ ደጃዝማቹ መርዶው እንደ ወጉ እንዲነገር አዘዙ።

በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎችና ሴቶች ተሰብስበው መርዶውን ነገሯት። ስንት ቀን ታፍኖ የኖረው የአጸደ ድምፅ እንደ ተሰበረ ግድብ ወጥቶ «እናቴን! እናቴን!» እያለች ደረቷን መታች። እስከ ቀትር አለቀሰች፣ ሴቶቹም አብረዋት አለቀሱ፤ ከዚያ ውኃ ለምና እስኪበቃት ጠጣች፣ እጆቿም ተፈቱና እንደ ሕፃን ተኛች። በነቃች ጊዜ አስቀድማ ያስጠራችው ደብሪቱን ነበር።

«እማማ፣ ስምዎን የጠራሁት ልከስዎ አልነበረም፤ ኀዘኔን ያየ ሌላ ሰው ስለሌለኝ ነው» አለቻት።

«አውቃለሁ ልጄ። እግዜር ያጽናሽ» አለች ደብሪቱ፤ ከአልጋዋም ጫፍ ተቀመጠች፤ ማንም ተነሺ አላላትም።

ዘቡ በዚያው ቀን ተነሣ፤ ደጃዝማቹም ከእንግዲህ «በላችኝ፣ በላኝ» የሚል ክስ የሕሙሙ ቃል ተጽፎ በዳኛ ፊት ሳይነበብ እንዳይሰማ አዋጅ አስነገሩ። ፊቱን የሚሸፍነው ሰው በአንድ ቀን አልጠፋም፤ ነገር ግን በዐሥራ አንዱ ቤት ያን ምሽት ሕፃናት ሳይባንኑ አንቀላፉ፣ ተጠቅልሎ የነበረው ዕቃ ተፈታ፣ ወንዶቹም ከስንት ቀን በኋላ ሲስቁ ተሰሙ። መምህር ዘርአ ዳዊትም እፎይ ብሎ፣ በብራናው ግርጌ ለሚመጡት ደቀ መዛሙርት ሁሉ ይህን ቃል ጻፈ፦ ሰሚ ያጣ ኀዘን ንጹሑን ሰው ይከስሳልና፣ ዳኛ ከመፍረዱ በፊት የሚያለቅሰውን ያስለቅስ።