የብሎክ ሰባት ጾመኛ ውሻ

«የተከበራችሁ የብሎክ ሰባት ነዋሪዎች፣ ዛሬ በግቢያችን ጉድጓድ ይቆፈራል።»

ይህን ያወጁት የኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ሽፈራው ናቸው። የያዙት ሜጋፎን ገርጂን ከዳር እስከ ዳር ያዳርሳል፤ ሰሚዎቹ ግን እዚያው ፊታቸው ጃንጥላ ዘርግተው የቆሙ ጎረቤቶች ነበሩ። ጥበቃው ጉቱ እንደሆነ ንግግሩን ሳይጠብቅ ቁፋሮውን ጀምሮ እስከ ጉልበቱ ገብቷል።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ የወይራውን ችግኝ እንደ ክርስትና ልጅ ታቅፈዋል። አትላስ አካባቢ ያለ ሱቃቸውን አከራይተው፣ ኪራዩን በችግኝና በውሻ ክትባት የሚጨርሱ ሴት ናቸው። ሰፈሩ «የዛፍና የውሻ እናት» ይላቸዋል፤ ፊት ለፊት በአክብሮት፣ ዞር ሲሉ በሳቅ። ዛሬ ግን ልባቸው ችግኙ ላይ አልነበረም። ከተከላው በኋላ ነዋሪው «ሻምበል ከግቢ ይውጣ አይውጣ» ብሎ እጅ ያወጣል።

ሻምበል ቡናማ የመንገድ ውሻ ነው። ክሱ አንድ ነው፤ ፍልሰታ ከገባ ወዲህ ወፍሯል። ሕፃን ሳይቀር በሚጾምበት ግቢ ውሻ እንዴት ይወፍራል? ሥጋ የሚያበላው ሰው አለ ማለት ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ከፀሐይነሽ ሌላ ማን ሊሆን።

«እኔ ከሽሮ ፍትፍት በቀር የሰጠሁት የለም» አሉ ወይዘሮ ፀሐይነሽ፣ እግራቸው ሥር ያለውን ሳህን እያሳዩ። «እሱንም ከጾሙ ወዲህ አሽትቶ ነው የሚተወው።»

«ታዲያ በጸሎት ነው የወፈረው?» አለች ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ሔዋን።

ይሄኔ የጉቱ አካፋ ቋ አለ።

«ድንጋይ ነው?» አሉ አቶ ሽፈራው በሜጋፎኑ።

«አይ ጋሼ፣ ጎድን ነው።»

ከጎድኑ ቀጥሎ ቅልጥም ወጣ፤ ከቅልጥሙ ቀጥሎ የዶሮ ጭን። ሻምበል ለክፉ ቀን ብሎ የቀበረው ሁሉ ተራ በተራ ብቅ አለ።

«የፋሲካ ይሆናላ» አለች ሔዋን።

ጉቱ አንዱን አገላብጦ አየው። «ሚጥሚጣው ገና አለቀቀም።»

ዓይን ሁሉ ምድር ቤት ወደምትኖረው ወደ ሸሪፋ ዞረ። በግቢው ፍልሰታን የማትጾመው እሷ ብቻ ናት።

«እኔን ነው?» አለች ሸሪፋ ሻርፗን እያስተካከለች። «እናንተን እንዳላስቸግር ብዬ ልጆቼን ሽሮ ሳበላ ነው የከረምኩት። ጥብስ ጥብስ የሚሉኝ ከላይ በሚመጣው ሽታ ነው።»

«ከላይ ከማን ቤት?» አለ ከጃንጥላዎቹ ሥር አንዱ።

ሸሪፋ ቀና ብላ ፎቆቹን አንድ በአንድ አየች። «ሽታ ነው እኮ፤ እንዴት ልለየው?»

ጃንጥላዎቹ ሁሉ ዝቅ ብለው ፊት ሸፈኑ።

ወይዘሮ ፀሐይነሽን ግን የቆረቆራቸው ሌላ ነው። ሻምበል ያለ እኔ አንድ ቀን አያድርም እያሉ ሲያወሩ ነው የኖሩት። ከጉድጓዱ የወጣው ደግሞ የአንድ ሰው ስጦታ አይመስልም፤ የአንድ ብሎክ ነው።

«እንግዲህ» አሉ አቶ ሽፈራው ነጠላቸውን እያጣፉ፣ «የአጥንቱ ጉዳይ ይጣራል። የተጠቀሰው እንስሳ ከግቢ ይውጣ የምትሉ?»

ሔዋን ቀድማ እጇን አወጣች። ከዚያ ሌላውም ተከተለ፤ እጁን ያላወጣ አጥንት ሰጪ ሊመስል ነዋ። አቶ ሽፈራውም የራሳቸውን እጅ አንስተው መቁጠር ጀመሩ።

ሻምበል በዚህ መሃል ከደረጃው ሥር ወጣ። ሀብቱ ሜዳ ላይ ተበትኖ ሲያይ ክው ብሎ ቆመ። ወዲያው የዶሮውን ጭን አፈፍ አድርጎ ሊቆረጥመው ሆነ።

«ማሙሽዬ፣ ተው። የዶሮ አይሆንም አላልኩህም? ጉሮሮህን ይወጋሃል።»

አቶ ሽፈራው ናቸው፤ በሜጋፎኑ።

ሻምበል አጥንቱን ጣለ። ጭራውን እየቆላ መጥቶ አገጩን ጫማቸው ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ እንደ ልማዱ የነጠላቸውን ሥር ያሸት ጀመር። ሜጋፎኑ ስላልጠፋ የአቶ ሽፈራውን ትንፋሽ ገርጂ ሁሉ ሰማው። የወጡት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ፤ መጀመሪያ የወረደው የሔዋን ነው።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ አጥንቱን ወደ ጉድጓዱ መልሰው ችግኙን ላዩ ላይ አቆሙና አፈሩን መለሱበት። ከዚያ የሽሮውን ሳህን ከመሬት አንስተው ወደ ሊቀመንበሩ ዘረጉ።

«ይያዙት ጋሽ ሽፈራው። ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ጋ ይቀመጥ።»

አቶ ሽፈራው ሜጋፎኑን አጠፉና ሳህኑን ተቀበሉ።