ጉም የበላው ሙከራ

ምክትል ሥራ አስኪያጁ ቴዎፍሎስ ከአዲስ አበባ ደጋዋ ከተማ ዘመሮ ድረስ የመጣው አንድ ነገር ሊናገር ነው። ድርጅቱ ትልቅ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲሆን በየወረዳው የበግ ጠጉር የሚሰበስብ ጣቢያ አለው። ሰውየውም በየጣቢያው እየዞረ፣ «ከእንግዲህ አዲስ ሐሳብ እንፈልጋለን። ሞክሩ! መሳሳትን አትፍሩ!» ይል ነበር።

የዘመሮ ጣቢያ ኃላፊ ይዘንጋሽ ከኋላ ቆማ ሰማችው። ይህን ንግግር ከእሱ በፊት ከነበሩት አለቆችም ሰምታዋለች። በመጀመሪያው ጊዜ ልቧ ሞቆ ሐሳቧን አቅርባ፣ «እናጠናዋለን» ተብላ ቀርታለች።

ናሁሰናይ ግን ገና አዲስ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ የተቀጠረ የቀየት ከተማ ልጅ። እጁን አወጣ።

«ጠጉሩን ከነአፈሩ፣ ከነበጠጡ ነው የምንልከው። እዚሁ አጥበን፣ አድርቀን ብንልክስ? መኪናው አፈር ከሚያመላልስ።»

«ይኸው! እንዲህ ያለ ሰው ነው የምንፈልገው!» አለ ቴዎፍሎስ። አጨበጨበ፤ አስጨበጨበም። እዚያው ቆሞ ፈቀደ።

ሠራተኛው ሁሉ ወንዝ ወርዶ ጠጉር ሲያጥብ ሰነበተ። ታጥቦ መስኩ ላይ እንደተሰጣ ጉም ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ከተማዋን ዋጣት። ፀሐይ ጠፋች። እርጥቡን ጠጉር ሰብስበው መጋዘን አስገቡት፤ እዚያው ሻገተ።

ቴዎፍሎስ ለይዘንጋሽ ደወለ። ናሁሰናይ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል።

«ጥፋተኛው ማን ነው? ከላይ ስም ጠይቀውኛል።»

«ጉም ነው» አለች ይዘንጋሽ።

«ወይዘሮ ይዘንጋሽ፣ አይቀልዱ።»

«አልቀለድኩም። ልጁ አሰበ፣ እርስዎ ፈቀዱ፣ እኔ አሠራሁ፣ ጉም መጣ። ስም ግድ ከሆነ የእኔን ይስጧቸው።»

ቴዎፍሎስም «እኔም አለቃ አለኝ እኮ» ብሎ ዘጋው። ድምፁ የደከመ ነበር።

ማስጠንቀቂያው በእሷ ስም መጣ። ልጇ ህሊና ወዳለችበት ወደ ደብረ ብርሃን ለመዛወር ያቀረበችው ጥያቄም ውድቅ ሆነ። ይህን ሁሉ ቻለችው። ያቃታት የናሁሰናይ ነገር ነው። ጠዋት ይገባል፣ ይመዝናል፣ ያስጭናል፣ ይወጣል። የመጋዘኑ ጣሪያ ሲያፈስ እንኳ አይቶ ዝም ይላል። ሲጠየቅ መልሱ «እንዳሉት» ብቻ ሆነ።

ክረምቱ አልፎ ሌላ ትእዛዝ መጣ፤ የፈጠራ ሳምንት ነው፣ እያንዳንዱ ጣቢያ አንድ አዲስ ሐሳብ ያቅርብ። ይዘንጋሽ ሠራተኞቹን ሰበሰበች። ዘበኛው አባ ጫኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሌላው መሬት መሬት ያያል። የሚናገር ጠፋ። እሷም አልፈረደችባቸውም፤ መናገር የት እንደሚያደርስ አይተዋል።

ሌሎቹ ሲወጡ ናሁሰናይን አስቀረችው።

«ያ ጠጉር ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ጣሪያ ሥር ነፋስ ቢያገኝ ኖሮ ይደርቅ ነበር?»

«ይደርቅ ነበር መሰለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ለማን?» አለ። ቆይቶም፣ «እትዬ፣ እርስዎ አይደክምዎትም?»

«ደክሞኛል እንጂ! ብርዱ ጉልበቴን ጨርሶታል፤ ስብሰባ ሲሉኝ ራሴን ያመኛል። አንተን እንዲህ ሆነህ ሳይህ ግን ይብስብኛል።»

በማግሥቱ ሁለቱ ከባሕር ዛፍ አጣና ርብራብ ሠርተው ከመጋዘኑ ጣሪያ ክፈፍ ሥር አቆሙ። አንድ ጆንያ ጠጉር ብቻ አጥበው ዘረጉበት። ጉሙ እንደልማዱ መጣ፤ ጠጉሩም ቀስ እያለ፣ እያዘገመ፣ ደረቀ። ለዋናው መሥሪያ ቤት ይዘንጋሽ፣ «ዘንድሮ ምንም አዲስ ሐሳብ የለንም» ብላ መለሰች። የታጠበውን ጠጉር መኪናው ከሌላው ጋር ጭኖ ሄደ። የጠየቀም፣ ያመሰገነም የለም።

የዚያን ዕለት ይዘንጋሽ ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ስትል ናሁሰናይን ርብራቡ ሥር ቆሞ አገኘችው።

«ከሥር የነበረው ጠጉር ነው ለመድረቅ የዘገየው» አለ ወደ እሷ ሳይዞር። «አጣናውን አራርቀን ብንደረድረውስ? ነፋሱ ከታችም ይገባል።»

ጉልበቷ እየጠዘጠዛት ነበር። ቦርሳዋን አውርዳ የጆንያ ክምር ላይ ተቀመጠች።

«እስቲ አሳየኝ» አለችው።