የጀርባ ቅባት

ሸር… ሸር… ሸር።

ድምፁ የሚመጣው ከጀርባው ነው። ዳቦ ጋጋሪው ጥቁሩን መነጽር አጥልቆ በቁምጣ ብቻ ቆሟል፤ ሚስቱ ቅባት እየቀባችው ነው። ሆስፒታሉ የቆዳ በሽታን ወደሚያክምበት የብርሃን ሳጥን ከመግባቱ በፊት ያ ቅርፊት የወረሰው ጀርባው መራስ አለበት፤ አለዚያ ብርሃኑ አይዘልቀውም።

መነጽሩ ያንገፈግፈዋል። ከሱ በፊት የገባው ሰው ላብ ገና ጎማው ላይ አልደረቀም። ወለሉ ላይም የማን እንደሆነ የማይታወቅ የቆዳ ፍርፋሪ ከእግሩ ሥር ይንኮሻኮሻል። ይህን ሁሉ የሚችለው ለዚህች ቅባት ሲል ነው። በሽታው አይጋባም ተብሎ ስንቴ ቢነገራትም፣ ሚስቱ አልጋ ከለየች ከርማለች። የምትነካው እዚህ ብቻ ነው። ደግሞ ልስላሴዋ! ትኮረኩረዋለች እኮ።

"መነጽርህን እንዳታወልቅ፣ ዓይንህ ይጠፋል" አለችው እንደ ወትሮዋ።

"ኧረ ሳጥኑ ገና መች በራና!" ብሎ ነርሱ ከጥግ ሳቀ። አፉ ሙሉ ነው። "እትዬ፣ ይሄ የናንተ ዳቦ ግን! ጋሼ ከታመሙ ወዲህ ጭራሽ ወዙ ጨመረ። እጅዎን ይባርከው!"

ጋጋሪውም ሳቀና ላቡን ሊጠርግ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ዞር አለ።

ሚስቱ ብሩሽ ይዛለች። እጀታው የተቃጠለ፣ እሱ ራሱ በሽቦ ያሰረው፣ ዳቦው ምድጃ ሳይገባ እንቁላል የሚቀባበት ብሩሽ። ጸጉሩ መሃል የደረቀ ሊጥና የሱ ቅርፊት ተጣብቀዋል።

ነርሱ እጅ ላይ የቀረው ቁራሽ ያብረቀርቃል።

"ይሄ… ተመልሶ ዳቦ ቤት ይገባል?" አላት ጋጋሪው።

"አጥበዋለሁ እኮ! በሙቅ ውሃ! ምን ሆነሃል አንተ?"

ነርሱ ማኘኩን አቆመ። ቀስ ብሎ ወደ መሐረቡ ተፋ።

ጋጋሪውም ምራቁ አፉን ሞላው። ያቅለሸለሸው ግን ዳቦው ብቻ አይደለም። ይህን ሁሉ ጊዜ ሲኮረኩረው፣ እሱም እጇ መስሎት እሰይ ሲል የከረመው ለዚህ ብሩሽ ጸጉር ኖሯል!

"በእጅሽ ቀቢኝ" አላት።

"አሁን?"

"አንዴ። በባዶ እጅሽ።"

ጀርባውን ሰጣት። ቅባቱ መዳፏ ላይ ጠብ ሲል ሰማ። እጇ ቀረበ፤ ሙቀቱ ትከሻው ላይ ደረሰ፤ እዚያው ቆየ። ከዚያ ሸሸ።

ቧንቧው ተከፈተ፤ ብዙ ፈሰሰ፤ ተዘጋ። የቦርሳዋ ዚፕ ተሳበ። ጫማዋ ኮሪደሩን ይዞ ራቀ።