የአደራ እርጎ

ናፍቆት ማረው ለአባቷ የዋሸችው አንድ ውሸት ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ክፉ ውሸት አልነበረም፤ አባት ሌሊቱን ተኝቶ እንዲያድር የሚዋሽ ዓይነት ነው። ነርስ ሆና ወረታ ከተማ አንድ ጤና ጣቢያ ከተቀጠረች ወዲህ፣ ቁሐር ሚካኤል ወዳለው ቤታቸው ብቅ ባለች ቁጥር አባቷ አያ ማረው «አለቃሽ ደኅና ሰው ናት ልጀ?» ይሏታል። እሷም «ሲስተር እናኑ? እንደ እናት ናት እንጂ! እጄን ይዛ ነው የምታስተምረኝ» ትላለች።

እጇንስ ይዛታለች፤ እሱ እውነት ነው። በገባች በሳምንቷ አንዲት አሮጊት ልትወጋ ስትል፣ ሲስተር እናኑ የእጇን አንጓ ጨምድዳ ይዛ፣ «ቆይ እስቲ! መርፌ ነው ሞፈር የያዝሽው?» አለቻት። አሮጊቷ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ብድግ አሉና «እኔ በዚች አልወጋም፤ ያችኛዋ ትውጋኝ» አሉ። ምን ያድርጉ? አለቃዋ ያላመነቻትን እሳቸው ከየት አምጥተው ይመኗት? መርፌው ግን በትክክል ነበር የተያዘው። ሲስተር እናኑም ይህን ታውቃለች፤ ስለምታውቅም ነው እንዴት እንደሚያዝ ሳታሳያት የሄደችው።

ከዚያ ወዲያ ስሟ ጠፋ። ናፍቆት የሚላት የለም፤ ሩዝ ከሚዘራበት ከፎገራ ሜዳ ስለመጣች «ሩዟ» ሆነች። «ሩዟ፣ ሽንቱን ድፊ!» «ሩዟ፣ እግርሽን ጠርገሽ ግቢ፣ የፎገራን ጭቃ ሁሉ ይዘሽብን መጣሽ!» ሲስተር እናኑ ከአዲስ አበባ የመጣች ናት፤ ምሳዋን ግን የምትበላው ያንኑ ከጭቃ የወጣ ሩዝ ነው፣ ያውም ደግማ። ሌላዋ ነርስ ሙናዬ ደግሞ ቀልዱ ባይገባትም ቀድማ የምትስቅ ናት፤ ቀጣይዋ ተሰዳቢ እንዳትሆን ብላ። ሻይ ሲጠጡ ለናፍቆት ወንበር አይተርፍም። የመድኃኒት ቁምሳጥኑ ቁልፍ እሷ ስትፈልገው ይጠፋል፤ በሽተኛ ሲያቃስት ደግሞ «የት ሄዳ ነው ይቺ ሰነፍ?» ይባላል።

በግምገማው ቀን ኃላፊው አቶ የኔነህ «ሂስ ያለው ይናገር፣ እንዳትፈሩ» አሉ። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ናፍቆት የተባለውን አምና ተነሣች። «እኔ ስም አለኝ። በሽተኛ ፊት ባልሰደብ፣ ስሳሳትም ለብቻዬ ቢነገረኝ ደስ ይለኛል» አለች። ይኸው ነው ያለችው። ከዚያማ አንዱ «ሲኒየር አታከብርም»፣ ሌላው «ሂስ አትቀበልም»፣ ሙናዬ ሳትቀር «ትኮራለች» ብላ፣ ስብሰባው ሲያልቅ ጥፋተኛዋ ናፍቆት ሆና አረፈችው። አቶ የኔነህ በር ላይ ጠብቀው «ታገሺ፤ እኛም በስድብ ነው የተማርነው» አሏት። ስድብ የሚያስተምር ቢሆን ኖሮ የወረታ መናኸሪያ ረዳት ሁሉ ዶክተር በሆነ ነበር!

ታዲያ ለምን አልሄደችም? መልቀቂያ ሳይዝ የሄደ ነርስ በመንግሥት ቤት ሌላ ሥራ አያገኝም፤ መልቀቂያ ደግሞ ለአዲስ ገቢ አይሰጥም። ከዚያ በላይ ደግሞ አባቷ አሉ። አያ ማረው ዕድር ላይም ሆነ ደጀ ሰላም «የኔዋ ነርስ» ሳይሉ ወሬ አይጀምሩም። ስለዚህ ዋጠችው።

መስከረም ገብቶ፣ የክረምቱ ውኃ ከፎገራ ሜዳ ላይ ሲጎድልና መንገዱ ሲከፈት፣ አያ ማረው ሳይናገሩ መጡ። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ እርጎ የሞላ ቅል አንጠልጥለው። በነሱ አገር ልጁን ሰው እጅ ላይ የጣለ አባት ባዶ እጁን አይሄድም፤ የላመ የጣመውን ይዞ «ልጄ ልጅዎ ናት» ብሎ አደራ ይሰጣል። አደራ የበላ ደግሞ ከሰው አይቆጠርም። ልጃቸው ያለችውን አምነው ነው ያን ሁሉ ጭቃ ተሻግረው «እናቲቱን» ሊያመሰግኑ የመጡት።

ናፍቆት ቁስል እያጠበች በመስኮት አየቻቸው። ፋሻውን አስራ እስክትወጣ እሳቸው በረንዳው ላይ ደርሰው፣ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ዝቅ አድርገው፣ ሲስተር እናኑን እጅ ነሥተዋል።

«እመቤቴ፣ የናፍቆት አባት ነኝ። ልጀን እንደ እናት እንደያዙልኝ ነግራኛለች። ይችን ካለችን ላም ነው፣ አደራዬን…»

«አንተ! እግርህን አታይም?» አለች ሲስተር እናኑ። «አሁን የተወለወለ ነው! ውረድ፣ ውረድ!»

አያ ማረው እግራቸውን አዩ። አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ወረዱ፤ ቅሉን ግን በሁለት እጃቸው እንደ ዘረጉ ነበሩ።

«የሩዟ አባት ነው!» ብላ ሙናዬ ሳቀች።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች ሲስተር እናኑ ወደ ዘበኛው ዞራ። «አንለይ! ውሰድና ቆሻሻው ጉድጓድ አጠገብ አስቀምጠው።»

ዘበኛው አንለይ ቅሉን ተቀበለ፤ ግን አልሄደም። «እርጎ እኮ ነው እትዬ» አለ መሬት መሬት እያየ።

አያ ማረው ልጃቸውን በሩ ላይ አዩአት። የተናደዱ አልመሰሉም፤ ያፈሩ መሰሉ። ናፍቆትን ያንገበገባት ይኼ ነው። ማፈር ያለባት ሌላ፣ ያፈሩት እሳቸው!

«ልጀ፣ ሰው ተሳስቼ ይሆን?» አሏት ቀስ ብለው። «ሲስተር እናኑ የቷ ናት?»

«አልተሳሳቱም አባየ። እሷው ናት። የዋሸሁዎት እኔ ነኝ።»

ነጭ ጋዋኗን አውልቃ አጣጠፈችና፣ ለእሷ አልተርፍ ይል የነበረው ወንበር ላይ አኖረችው። አቶ የኔነህ ጫጫታውን ሰምተው ወጡ።

«ናፍቆት፣ መልቀቂያ ሳትይዢ ብትሄጂ የትም አትቀጠሪም! ገና መግባትሽ አይደለም እንዴ? ታገሺ እንጂ!»

«ለራሴ ታግሼ ነበር ጋሼ። አባቴ ግን እዚህ ቤት አልተቀጠሩም።»

«ኧረ ልጀ!» አሉ አያ ማረው ደንግጠው። «ለኔ ብለሽ እንጀራሽን አትርገጪ! እግሬን ታጥቤ እመለሳለሁ፤ ጭቃ ነው፣ ይለቃል።»

«አይታጠቡም!» ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። ወደ ሲስተር እናኑ ዞረች። ስንት ጊዜ ስታጠራቅመው የከረመችው፣ የተመረጠ፣ የተበጠረ ስድብ ነበራት። አንዱንም አላወጣችውም።

«ሲስተር እናኑ፣ አባቴ አንቱ ይባላሉ» አለች።

ሙናዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድማ አልሳቀችም።

ናፍቆት ቅሉን ከአንለይ ተቀብላ በረንዳው ላይ ተራ ወደሚጠብቁት ሰዎች ሄደች። ቀኑ የፍስክ ነው። «ጣሳ ያላችሁ አምጡ!» አለች። አንዲት እናት ለታመመ ልጇ፣ አንድ ሽማግሌ ለራሳቸው፣ አንለይም ማንንም ሳይፈራ በኮዳው ክዳን ተቀበሉ። ሽማግሌው ከጠጡ በኋላ ጢማቸውን ጠረጉና ወደ አያ ማረው ዞረው «እግዜር ይስጥልዎ፣ ላምዎን ይባርክ» አሉ።

አባትና ልጅ መናኸሪያውን አለፉ።

«ያን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን?» አሉ አያ ማረው።

ናፍቆት አንገቷን ደፋች።

«አሁን ዕድር ላይ ምን ልበል?»

«የኔዋ ነርስ ይበሉ። ጤና ጣቢያውን ነው የተውኩት እንጂ ነርስነቴን አልተውኩም። የግል ክሊኒክ እጠይቃለሁ፣ ባይሆን ጎንደር እሄዳለሁ።»

አያ ማረው ባዶውን ቅል ከእጇ ወስደው አፉን አሸተቱት።

«እርጎው ግን አልሸተተም ነበር፣ አይደል?»

«እኔን ምን ይጠይቁኛል አባየ፣ ሳልቀምሰው አለቀ!»