ለቬልኮ ሞተር የተገጠመው ሶኬት

ዶብሪንካ ባሏ እንዲሄድ የፈቀደችለት በአንድ ስምምነት ነበር፤ ስልኩ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ እንዳይዘጋ።

ቬልኮ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ልቡ ውስጥ ትንሽ ቱቦ ከገባለት ወዲህ ትልቁ የጉዞ ሞተሩ ሁለት በጋ ሙሉ ጓሮ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። በዚህ ጸደይ ሐኪሙ "ንዳ፤ ግን ቀስ ብለህ" አለው። ዶብሪንካ የሰማችው "ቀስ ብለህ" የሚለውን ነው፤ ቬልኮ የሰማው "ንዳ" የሚለውን። በወታደርነት ዘመኑ አንድ ድንኳን የተጋራው ራይቾ ስሞልያን ከተማ ይኖራል። እሱ ዘንድ ሁለት ሌሊት አድሬ ካልተመለስኩ ብሎ ቆርጦ ተነሳ። ከሚኖሩበት ከትሮያን ወጥቶ ተራራውን መሻገር፣ ሜዳውን ማቋረጥ፣ ከዚያ እንደገና ተራራ። ያውም ብቻውን።

ልጃቸው ኢስክራ ከሩሴ ከተማ መጥታ የሁለቱንም ስልክ አስተካከለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቬልኮ የትም ቢሄድ ዶብሪንካ ስልክ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ነጥቡም አብሮት ይወጣል። መጠጥ ቤት ተቀምጦ "ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ነኝ" ሲል ደግሞ ነጥቡ ይመሰክርበታል። ችግሩ፣ ነጥቡ ባትሪ ይበላል። መንገድ የሚያሳየው ካርታም ይበላል። የቬልኮ ስልክ እንደ ባለቤቱ ያረጀ ስለሆነ ጥቂት ከሠራ በኋላ ጋደም ማለት ያምረዋል።

"እንግዲያው ሞተሩ ላይ ሶኬት ይግባ" አለች ዶብሪንካ።

"ሞተር እኮ ነው፣ ወጥ ቤት አይደለም።"

"ሶኬት ከሌለ ስሞልያን የለም።"

ቅዳሜ ጠዋት ሸራው ተነሳ። ቬልኮ መቀመጫውን ፈትቶ አወረደ፤ ሰርባቶዮውን፣ የነዳጅ ጋኑን፣ ቀና አድርጎ በእንጨት ደገፈው፤ ከመሪው እስከ ባትሪው ድረስ ሽቦውን በቀስታ ይስብ ጀመር። ሞተሩ ሲዞር ሽቦው እንዳይወጠር መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እያጠፈ ይሞክራል። ዶብሪንካ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ከሶኬቱ ጋር የመጣውን ወረቀት ታነባለች። ከወረቀቱ የምታነበው ማስጠንቀቂያውን ብቻ ነው።

"'በአግባቡ ካልተገጠመ እሳት ሊያስነሳ ይችላል' ይላል።"

"ሁሉም ወረቀት እንደዚያ ይላል። የፀጉር ማድረቂያሽም ይላል።"

"የፀጉር ማድረቂያዬን እግሬ መሀል ሸጉጬ ተራራ አልወጣም።"

ቬልኮ ሲስቅ ካቻቢቴው ከእጁ አምልጦ ከሞተሩ ሥር ገባ። ዶብሪንካ ተንበርክካ አወጣችለት።

"ፊውዝ አለው?"

"ይኸው፣ ቀዩ ሽቦ ላይ። አንድ ነገር ቢበላሽ መጀመሪያ እሱ ይቃጠላል፣ ሌላው ይተርፋል።"

"መጠባበቂያ ያዝ።"

"አንድ ይዣለሁ።"

"ሞተሩ ሲጠፋም ይሠራል?"

"አይሠራም። ቁልፉ ሲዘጋ እሱም ይዘጋል። አለዚያ ስልኩ የሞተሩን ባትሪ ሲጠጣ ያድርና ጠዋት ገፍቼ ነው የምነሳው።"

"ብትወድቅስ? በወደቅክበት ሞተሩ ቢጠፋስ?"

"እስክወድቅ ድረስ ቻርጅ ሲያደርግ ነበራ! ስልኩ ሙሉ ይሆናል፣ ምን ያሳስብሻል።"

ዶብሪንካ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ሽቦውን በየቦታው አስሮ፣ ጫፉን በናስትሮ ጠቅልሎ፣ ሰርባቶዮውን መልሶ ቁልፉን ሲያዞር ሶኬቱ ላይ አንዲት ሰማያዊ መብራት ቦግ አለች። ስልኩን ሰካ። ስልኩ "ጢን" አለ። ዶብሪንካ ምን እንደነካት አታውቅም፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ጎንበስ ብላ መሬት የወደቁትን የሽቦ ቁርጥራጮች መልቀም ያዘች።

"ይቺ የጎማ ክዳን ደግሞ ለዝናብ ናት" አለ ቬልኮ፣ ከሶኬቱ ጫፍ የተንጠለጠለችውን ክዳን ከፍቶ እየዘጋ። "ሲያካፋ ገመዱን እነቅልና ይቺን እዘጋለሁ። በፀሐይ አያስፈልጋትም።"

እሑድን ሙሉ ሶኬቱን ላላየ ሰው ሲያሳይ ዋለ። ማታ ዶብሪንካ "ስልክህን ግድግዳው ላይ ሰካው እንጂ" ብትለው እንደ ተሰደበ ሰው አያት።

"ሶኬቱ ምን ሊሠራ ተገጠመ ታዲያ? መንገድ ላይ ይሞላል።"

ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳ። ባኒጻው፣ የአይብ ቂጣው፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ኪኒኖቹ በየቀናቸው ተለይተው፣ የሱፍ ካልሲ ሁለት ጥንድ፣ ሁሉም በጎን ሳጥኖቹ ውስጥ ገብቷል። ቬልኮ ስልኩን መሪው ላይ አስሮ ገመዱን ሶኬቱ ውስጥ ሰካ፤ ቁልፉን አዞረና ሄልሜቱን አጠለቀ።

በዚህ አገር መንገደኛ ሲወጣ ከፊቱ መሬት ላይ ውሃ ይፈስለታል፤ መንገዱ እንደ ውሃ ይፍሰስለት ተብሎ። ለፈተና ለሚሄድ ልጅ፣ ለአዲስ ሥራ ለሚወጣ ሰው፣ ለሁሉም ይፈሳል። ሌላው ሰው ከደጃፉ አንድ ኩባያ ጠብ አድርጎ ይመለሳል። ዶብሪንካ ግን ሌሊቱን ሙሉ አስባበታለች፤ ልቡ ለተጠገነ፣ ብቻውን ተራራ ለሚያቋርጥ ሰው አንድ ኩባያ ምን ይበቃዋል? የእናቷን የመዳብ ባልዲ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላች፤ ከሞተሩ ፊት ቆማ፣ "እንደ ውሃ! እንደ ውሃ ይቅናህ!" ብላ ባለ በሌለ ኃይሏ ደፋችው። ግማሹ መሬት ላይ ወደቀ። ግማሹ የሞተሩን ግንባርና የቬልኮን ጉልበት አጠበው።

"አንቺ ሴት፣ ባልሽ ነኝ እኮ! የቃሪያ መደብ መሰልኩሽ?"

"ዝም ብለህ ሂድ። ወደ ኋላ አትመልከት።"

ሳቀ፣ በሄልሜቱ ውስጥ ሳማት፣ ማለትም ሄልሜቱን ከግንባሯ ጋር አጋጨው፣ ሄደ።

ዶብሪንካ ወጥ ቤት ገብታ ስልኳን የስኳር ዕቃው ላይ አስደገፈችና ነጥቡን ማየት ጀመረች። ነጥቡ ከከተማው ወጣ። ወንዙን ተከተለ። ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ሲደርስ ቀስ አለ። "ጎሽ፣ እንደሱ ነው" አለች ጮክ ብላ። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነጥቡ ጫካው መሀል ቆመ።

ውሃ ሊሸና ነው፣ አለች።

አምስት ደቂቃ ሆነ። አሥር ሆነ። ነጥቡ ቀስ በቀስ ግራጫ ሆነ። ደወለች። "የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው…" የምትለውን ሴት አላስጨረሰቻትም። እንደገና ደወለች። ያቺው ሴት።

በዓይነ ሕሊናዋ እንጨት የጫነ መኪና መታጠፊያው ላይ ሲመጣ አየችው። ጠጠሩን አየችው። ከሁሉ የባሰውን ደግሞ፣ ማንም ሳይነካው፣ ጥሩ መንገድ ላይ፣ ልቡ ብቻ ቀጥ ብሎ ሲቆም አየች። እኔ ነኝ የፈቀድኩት፣ እኔ ነኝ፣ አለች። ግድግዳው ጠበባትና ስልኳን እንደ ጨበጠች ወደ ደጅ ወጣች፤ አውራ ጣቷ የአደጋ ጊዜ ቁጥር ላይ ነበር።

ደጃፉ ላይ መሬቱ ገና አልደረቀም። ባልዲው እንደ ተደፋ ተጋድሟል። ዶብሪንካ ባልዲውን ስታይ በቁሟ ደረቀች።

ክዳኑ። ገመዱ ተሰክቶ ስለነበር የጎማው ክዳን ክፍት ነበር፤ እንደ ውሻ ጆሮ ተንጠልጥሎ። ሰማይ ጥርት ያለ ነበርና ማን አስቦት? እሷ ደግሞ አንድ ባልዲ ሙሉ ውሃ ፊት ለፊት ደፋችበት።

እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሁለት ነገር ብቻ ነው ሊሆን የሚችለው። ወይ ቬልኮ ጫካው ውስጥ ወድቋል፤ ወይ እሷ ራሷ፣ በገዛ እጇ፣ ሶኬቱን አስጥማዋለች። ዶብሪንካ በዕድሜዋ ሁሉ ቤት ውስጥ የተሰበረውን ሁሉ ማን እንደሰበረው ስትመረምር የኖረች ሴት ናት። ያን ጠዋት ግን "እመቤቴ ማርያም፣ እኔ ላበላሸው፤ ጥፋቱ የኔ ይሁን" ብላ ለመነች።

ስልኩ እጇ ውስጥ ጮኸ። የወንድሟ ሚስት ናድካ ነበረች፤ በላይኛው መንገድ፣ ዶብሪንካ ባደገችበት ቤት ነው የምትኖረው።

"ዶብሪንካዬ፣ ተቀምጠሻል?"

"ምን ሆነ? ናድካ፣ ምን ሆነ?"

"ተረጋጊ፣ ምንም አልሆነም። ቲማቲም እየተከልኩ ነበር። የኮሪደሩ ስልክ፣ ያ አሮጌው የለም እንዴ፣ ከፋሲካ ወዲህ ጮኾ የማያውቀው፣ እሱ ጮኸ። እጄ ጭቃ ነው። ማነው ደግሞ አልኩና…"

"ናድካ!"

"…አነሳሁት። አንድ ወንድ፣ በጣም ጨዋ በሆነ ድምፅ፣ 'ይቅርታ፣ ዶብሪንካ ቤት አለች?' አለኝ።"

"ማነው?"

"ማን ይሆናል! ባልሽ ነዋ። ከሩብ ሰዓት በኋላ መልሼ እደውላለሁ ብሏል። ቁጥሩን እንዳልጽፍ ስልኩ ቁጥር አያሳይም። ሩጪ!"

ዶብሪንካ ሮጠች። የቤት ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች፣ ቀሚሷ ከኋላ እርጥብ እንደሆነ፣ ላይኛው መንገድ ድረስ አቀበቱን ሮጠች። ኮሪደሩ ላይ ግራጫው ስልክ የድሮ ቦታው ላይ ነው፤ ከሥሩ ያው ጠባብ በርጩማ። ተቀምጣ ትንፋሿን ሳትሰበስብ ስልኩ ጮኸ።

"ዶብሪንካ ቤት አለች?"

"አለች" አለች።

"አባትሽ አጠገብሽ የሉም?"

"አትቀልድ። የት ነህ? ልብህስ?"

"ተራራው አናት ላይ ነኝ። ልቤ እየመታ ነው፣ አትስሚውም? ማር የምትሸጥ ሴትዮ ናት ስልኳን ያዋሰችኝ፤ ባለ ቁልፉ ዓይነት ስለሆነ የሷ ቻርጀር ለኔ አይሆንም። ሦስት ማሰሮ ማር ገዛሁ፣ ነፃ አይደለም።"

"ለምን እኔ ላይ አልደወልክም?"

"ቁጥርሽን የት አውቄው? ስልኬ ነው የሚያውቀው። ሦስት ጊዜ ጀምሬው መሀሉ ጠፋብኝ። የዚህን ቤት ቁጥር ግን ጣቴ ራሱ ያውቀዋል። ሳንጋባ ስንት ዓመት ደወልኩበት።"

ናድካ ጭቃ እጇን ወደ ላይ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ታዳምጣለች።

"ሶኬቱ ሞቷል" አለ ቬልኮ። "ፊውዙን ተቃጥሎ አገኘሁት፤ ቀየርኩት፣ እሱም ተቃጠለ። ውስጡ ውሃ አለ። ከየት እንደገባ እንጃ። ሰማዩ ላይ ጭረት ደመና የለም።"

"እኔ ነኝ" አለች ዶብሪንካ። "በባልዲው። እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ሱሪዬ እስካሁን እርጥብ ነው። ትነግሪኝ እንደሆነ ለማየት ነው።"

"ባለጌ!"

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። "በይ እንግዲህ፣ የተባባልነው ይታወቃል። ስልክ የለኝም። ራይቾ ቤት እስክደርስ ቀኑን ሙሉ አታዪኝም። ከዚህ ብመለስ ለምሳ እደርሳለሁ። ተመለስ ካልሽኝ እመለሳለሁ፣ አላኮርፍም።"

ቃሉ አፏ ላይ ነበር። ከቅዳሜ ጀምሮ፣ ከዚያም በፊት፣ ሐኪሙ አፉን ከከፈተ ቀን ጀምሮ ምላሷ ሥር ያስቀመጠችው ቃል ነው። በስልኩ ውስጥ ነፋስ ይሰማል።

"ከዚያ ምን ይታያል?" አለች።

"ከዚህ? ኧ… ከኋላዬ በረዶ ገና አለ፣ ትንሽ ትንሽ። ከፊቴ ሜዳው ሁሉ። ዶብሪንኬ፣ እስከ ጽጌረዳው ማሳ ድረስ ይታያል። ብታዪው! ሁለት ዓመት እኮ…" ቃሉን አልጨረሰውም። ትንፋሹ ረጅምና ጤነኛ ነበር። ከሕመሙ ወዲህ እንደዚህ ሲተነፍስ ሰምታው አታውቅም።

"ሂድ" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ሂድ አልኩህ! ግን በቆምክበት ሁሉ ስልክ ተዋስና እዚህ ቁጥር ላይ ደውል። ካርሎቮ። ፕሎቭዲቭ። አሰኖቭግራድ። ማር በለው ሌላም በለው፣ ግዛ። እዚሁ ነኝ።"

"እዚያ በርጩማ ላይ ልትውዪ ነው?"

"ምን ቸገረህ፤ ቀሚሴን አደርቃለሁ።"

"ዶብሪንኬ።"

"ምነው?"

"ምንም። ሴትዮዋ ስልኳን ትፈልጋለች።"

መስመሩ ተዘጋ። ናድካ ገብታ እጇን ታጠበች፣ ትራስ አምጥታ በርጩማው ላይ አደረገችላት፣ የሚፈለፈል አተርም በሳህን ሰጠቻት። ዶብሪንካ እየፈለፈለች ስታስብ፣ ከአናቱ ወደ ታች ያለው መንገድ ከዚህኛው ይልቅ ጠመዝማዛ መሆኑ ትዝ አላት፤ ፍሬኑን ማን እንዳየለት ሳትጠይቅ መቅረቷም ትዝ አላት። ሳህኑ ከጭኗ ተንሸራተተ። አተሩ ኮሪደሩ ላይ ተበተነ። ለቀመችውና እንደገና ጀመረች።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኩ ጮኸ። ናድካ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ "አንሺው እንጂ!" አለች። ዶብሪንካ ሳህኑን መሬት አስቀመጠች፤ ጸጉሯን በሁለት እጇ ወደ ኋላ አስተካክላ፣ ቀና ብላ ተቀመጠችና አነሳችው። "ይቅርታ፣ ዶብሪንካ ቤት አለች?" አለ ያ ጨዋ ድምፅ።