ማርሴይ ዞሮ የመጣ ሰላምታ

አቡ ረድዋን አብሮ አደጌም አለቃዬም ነው፤ እልኸኛነቱ ግን ከሁለቱም ይብሳል። በሳይዳ ለግማሹ ከተማ ኢንተርኔት የምናከፋፍለው እኛ ነን፤ ለሌላው ግማሽ ሐጂ ዙሄር። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ሁለቱ ጣሪያ ላይ ወጥተው በመሀላቸው ኬብል ዘረጉና ተጨባበጡ። ወረቀት የለ፣ ክፍያ የለ። የሙያችን ደንብ ነው፤ ያንተን አደርሳለሁ፣ የኔን አድርስ።

ዘንድሮ አቡ ረድዋን በኬብሉ የሚያልፈውን የሚለካውን ቆጣሪ አየና ደሙ ፈላ።

"እኛ አንድ ስንልክ እሱ ሦስት ያፈስብናል! ማድረሻውን ይክፈል!"

"የሚመጣው እኮ የኛው ደንበኞች የጠሩት ነው።"

"አንተ ደግሞ የማን ሠራተኛ ነህ?"

"ለደመወዝ ያንተ፣ ለእውነት የማንም።"

ሐጂ ዙሄር አንዲት ሊራ አልከፍልም አለ። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ "ንቀለው!" ተባልኩ።

"ጁማናስ?" አልኩት። እህቱ ናት፤ መስማት የተሳናት። የምትኖረው በሐጂ ዙሄር በኩል፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የአቡ ረድዋን ጉልበት ደግሞ ያን ደረጃ አይችልም። ባሏ ከሞተ ወዲህ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ በቪዲዮ፣ በምልክት ያወራሉ።

"በሌላ መንገድ ትመጣለች፤ ንቀል!"

ነቀልኩ። ሌላው መንገድ ባሕር ተሻግሮ፣ ማርሴይ ዞሮ የሚመለስ ጠባብ መንገድ ነው። እሱም ያውቃል፤ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበት።

አራት ሰዓት ላይ ጁማና ብቅ አለች። ሰላም ልትለው እጇን እንዳነሳች ምስሉ ደረቀ። ሲንቀሳቀስ ጣቶቿ ግማሹን ወሬ ዘለው ሌላ ቦታ ደርሰዋል። እንደገና ደረቀ። አቡ ረድዋን ስክሪኑን በመዳፉ ዳሰሰው። አንጀቴን በላው።

"ያፈስብናል ያልኩት ውስጥ እሷም አለች?"

"አለች። ቪዲዮ ከባድ ነው።"

"የእህቴን እጅ እኔ ጋ ለማድረስ ነው ዋጋ የጠየቅኩት?" አለ። "መልሰው።"

"በነሱም በኩል ተዘግቷል።"

ደወለ። ሐጂ ዙሄር፣ "ያኔ የተስማማነው በስልክ አይደለም፤ እግር ካለህ ና!" አለው። እያነከሰ ሄደ። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አልነገረኝም፤ እስኪመለስ ግን መስመሩ በነሱም በኩል ተከፍቶ ነበር።

ጁማና ቦታዋን አልለቀቀችም። ፊቷ በለቅሶ አብጧል፤ በሷ ስክሪንም የሱ እጅ ደርቆ ቆይቷል። ምልክት ብዙ አላውቅም፤ ይቺን ግን ደጋግማ ስላሳየቻት ገባችኝ።

"ለምን ዝም አልከኝ?"

አቡ ረድዋን ሁለት እጁን አነሳ። በምልክት "ጥፋቱ የኔ ነው" አላት፤ ደጋግሞ፣ እስክትስቅ ድረስ።