ጥፋቱ የኔም ነው

አስናቀች ቀኝ እጇን እንደተኛ ሕፃን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ጠበቃዋ የምትለውን ከልጇ ከሮሃ አፍ ትጠብቃለች። ቢሮው ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር፣ ከአንድ የመድኃኒት ቤት ፎቅ ላይ ነው። ጠበቃዋ ኬንያዊት ናት፤ ደግ ፊት አላት። ደግ ፊት ያለው ሰው ክፉ ወሬ ሲያወራ ደግሞ ይብሳል።

«ፖሊስ ጣቢያ ጥፋቱ የኔ ነው ብለሻል ወይ ነው የምትለው» አለች ሮሃ።

«የኔም ነው ነው ያልኩት።»

«ግን ለምን አልሽ፣ እማዬ?»

«ልጁ ተንበርክኮ ነበራ።»

ሮሃ ይህን እንዴት አድርጋ ወደ እንግሊዝኛ እንደምትመልሰው ጨነቃት። ቃሉስ ይገኛል፤ ነገሩን ማስረዳቱ ነው የቸገረው።

አስናቀች ሹሩባ ሠሪ ናት። ነበረች ማለት ይሻላል መሰለኝ። ናይሮቢ ውስጥ ጭንቅላቷን ለአስናቀች ሳትሰጥ የተዳረች ሐበሻ ሙሽራ የለችም ቢባል ውሸቱ ትንሽ ነው። ያን ቀን ከሥራ ወጥታ ኪሊማኒ ላይ የእግረኛውን መስመር ስታቋርጥ ማታቱው፣ የናይሮቢው ሚኒባስ ታክሲ እንኳ፣ ቆሞላት ነበር። ማታቱ ቆሞ ሰው ማሳለፉ ራሱ ተአምር ነው፤ ተአምሩ ግን አንድ መኪና ላይ ብቻ አለቀ። ከማታቱው ጎን የመጣችው ሁለተኛዋ መኪና አልቆመችም። አስናቀች ከመመታቷ በፊት ያየችው የሾፌሩን ዓይን ሳይሆን አናቱን ነው። አጎንብሶ ስልኩን ይነካካ ነበር። እሷ ደግሞ ሰውን ከፊቱ ይልቅ በአናቱ ታውቃለች፤ ይህ ባለ ሁለት አናት የሐሊና ልጅ ኤልናታን ነው። የእኅቱን የሠርግ ሹሩባ ስትሠራ እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ ሲያስቃት የዋለው ልጅ።

እጇ ተሰባበረ፤ ጅማቶቿም ተበጠሱ። ሐኪሙ አንዴ ቀዶ ጠገናት፤ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ግን ጅማቱ ተጨማዶ ሳይቀር መደረግ አለበት፣ ካለበለዚያ ጣቶችሽ እንደዚሁ ይቀራሉ አላት። ለዚያ የሚጠየቀው ገንዘብ ደግሞ እሷ ቤት የለም። እሷ የነበሯት ጣቶቿ ብቻ ናቸው።

ገና ፋሻው ሳይቀየር ሽማግሌዎች መጡ። ፊት ፊት የሚመሯቸው፣ ምግብ ቤት ያላቸው ጋሽ አየለ ነበሩ። በወጉ መሠረት ኤልናታን ድንጋይ ተሸክሞ ሊገባ ነበር፤ የሆስፒታሉ ዘበኛ ድንጋዩን በር ላይ አስቀረው። ምን ያድርግ፣ ድንጋይ ይዞ ሕመምተኛ የሚጠይቅ ሰው ከተወለደ አይቶ አያውቅም። ልጁ በባዶ ትከሻው ገብቶ አልጋዋ ሥር ወደቀ።

«መልእክት እየጻፍኩ ነበር፣ እትዬ አስናቀች። አላየሁዎትም። ይማሩኝ።»

አስናቀች አለቀሰች፤ ማረችውም። እስከዚህ ድረስ ማንም አይወቅሳት። ከሆስፒታል ስትወጣ ግን ጋሽ አየለ፣ የልጁ መንጃ ፈቃድና የመኖሪያ ወረቀት እንዳይበላሽበት ጣቢያ ሄደን ታርቀናል እንበል አሏት። ይሉኝታ ያዛትና ሄደች። እዚያ፣ ፖሊሱ ጠረጴዛ ፊት፣ ልጁ እንደገና ተንበረከከ። የተበደለ ሰው ዝም ብሎ «ምሬሃለሁ» ብሎ ቢያበቃ ትዕቢት ይመስልበታል፤ የወደቀውን ከራስ ጋር እኩል አድርጎ ማንሣት ነው ወጉ። እሷም «ተነሥ ልጄ፣ ጥፋቱ የኔም ነው» አለች። ይህን ሰምቶ ጥፋቱ የእሷ ነው ብሎ የሚያምን ሐበሻ የለም። ፖሊሱ ግን ሐበሻ አይደለም። ምን አለች ሲል ጋሽ አየለ ቃል በቃል ተርጎሙለት፤ እሱም እግረኛዋ ጥፋቷን አምናለች ብሎ ጻፈ።

«አሁን ምን መንገድ አለን በያት» አለች አስናቀች ሮሃን፣ ጠበቃዋን እያየች።

ጠበቃዋ ብዙ አወራች፤ ሮሃ አሳጥራ መለሰችው። በፍትሐ ብሔር መክሰስ ይቻላል፤ ጊዜውም ገና አላለፈም። የሚከፍለው ልጁ ሳይሆን የመኪናው ኢንሹራንስ ነው።

«ኤልናታን ከኪሱ አይከፍልም?»

«አይከፍልም፣ እማዬ። ኢንሹራንስ ለዚህ ነው ያለው።»

አስናቀች ጭኗ ላይ ያለውን እጇን አየች። ያ ሁሉ ሽማግሌ ልጁን ያዳነው ከምን ነበር ታዲያ? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይባላል፤ እሷም የምታለቅሰው አሁን ነበር።

ችግሩ ኢንሹራንሱ የሚያየው የፖሊሱን ወረቀት መሆኑ ነው። የማታቱው ሰዎች ማን እንደነበሩ አይታወቅም። በፍርድ ቤት ትእዛዝ የስልኩን መዝገብ ማስወጣት ይቻል ይሆናል፤ መዝገቡ ግን ስልኩ ይሠራ እንደነበር እንጂ የማን ጣት እንደነካው አይናገርም። የቀረው፣ ልጁ በአፉ ሲያምን የሰማ ሰው ቀርቦ መመስከሩ ነው።

ሮሃ ያን ቀን አልነበረችም፤ ጋሽ አየለ ግን ሰምተዋል፣ እሳቸው ካልመሰከሩ ደግሞ ሌሎቹ ሽማግሌዎች አይመሰክሩም። አስናቀች ምግብ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ለመነቻቸው። አንገታቸውን ደፍተው አዳመጧትና፣

«በዕርቅ ላይ የተነገረ ቃል ከዕርቁ አይወጣም፣ አስናቀች። እኔ ዛሬ ባወጣው፣ ነገ ሽማግሌ ፊት ማን እውነት ይናገራል?» አሉ።

«እውነቱን እኮ ነው ይናገሩልኝ የምልዎት።»

«እውነት መሆኑንማ አውቃለሁ» አሉ ጋሽ አየለ። ምሳ እንድትበላ አጥብቀው ለመኗት። አልበላላት አለ።

ስለዚህ ጠበቃዋ የመጨረሻውን ነገር መከረች። ልጁ ቤት ሂዱ፤ ይመስክር እንደሆነ ጠይቁት፤ እምቢ ቢል እንኳ ሮሃ ፊት ካመነ ሮሃ ትመሰክራለች። «እናትሽ ግን ያንን ቃል እንዳትደግመው» አለቻት። «አንዴ በድንጋጤ ያለችው ነው ብዬ መከራከር እችላለሁ። ሁለተኛ ካለችው ግን፣ አንቺም ምለሽ ስትጠየቂ ያንኑ ነው የምትናገሪው።»

ወደ ልጁ ሰፈር ወደ ኪሌሌሽዋ በሚወስደው ማታቱ ውስጥ ሮሃ እናቷን እንደ ተማሪ አስጠናቻት።

«ማም፣ ፕሊስ። ጥፋቱ ያንተ ነው በይው። ባሲ፣ በቃ። ከዚያ ዝም።»

«ጥፋቱ ያንተ ነው» አለች አስናቀች ቀስ ብላ። አፏ ላይ አልጥም አላት።

የኤልናታን እናት ሐሊና በሩን ከፍታ ስታያት አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። አስናቀች ግን ጠንክራ ጀመረች፤ ለዚህ እንኳን ልትመሰገን ይገባል። ክፍያው ከእነሱ እንዳልሆነ፣ እጇ ጊዜ እንደሌለው፣ ልጁ አልጋዋ ሥር ያለውን ፍርድ ቤትም ቢልላት ሌላ እንደማትፈልግ ተናገረች። ኤልናታን እናቱን አየ፤ ከዚያ መሬቱን አየ።

«ለኢንሹራንሱ ድንገት ገቡብኝ ብዬ ፈርሜያለሁ፣ እትዬ። አሁን ዋሽቻለሁ ብል ወደ እኔ ነው የሚዞሩት። እናቴ ያላት ይሄ ቤት ብቻ ነው።»

«እና የኔስ እጅ?» አለች አስናቀች።

ሐሊና ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ሄደች፤ ከአገር ቤት ያስመጣችውን የበርበሬ መጅ ታቅፋ ተመለሰች። ልጁ ሳይነገረው ተንበረከከ። መጁን ማጅራቱ ላይ ጫነችው። እዚህ ቤት በር ላይ የሚያስቀር ዘበኛ የለም።

«መልእክት እየጻፍኩ ነበር» አለ ኤልናታን ከድንጋዩ ሥር። «መንገዱን አላየሁም። ጥፋቱ የኔ ነው። ይማሩኝ።»

ሮሃ ቀና አለች። ይኸው፣ የመጡበት ነገር ወጣ። አሁን ዝም ማለት ብቻ ነው የቀረው። አስናቀች ዝም አለች። መጁ ከልጁ ትንፋሽ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሁለቱ አናቶቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ሮሃ እናቷን በዓይኗ ትለምናለች። ሐሊና ከልጇ ጎን ልትንበረከክ የቀሚሷን ጫፍ ሰበሰበች፣ እሷ በዕድሜ ታላቅ ሆና።

«አስኑዬ፣ እኔም ልውደቅ?»

ድንጋዩን የሚያነሣው የተበደለው ሰው ነው። አስናቀች ሳታስበው ጎንበስ ብላ ዕድሜዋን ሙሉ በለመደችው እጅ፣ በቀኟ፣ መጁን ያዘች። ጣቶቿ አልጨበጡም። መጁ ተንሸራቶ ወደ ልጁ ጭንቅላት ሲመጣ በግራ ክንዷ ደረቷ ላይ ደግፋ አስቀረችው። ደነገጠች፤ ለራሷ አይደለም፣ ለእሱ።

«ተነሥ» አለች። «ተነሥ ልጄ፣ ጥፋቱ የኔም ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሮሃ ዓይኗን ጨፈነች። ሐሊና የአስናቀችን ጉልበት ሳመች፣ ልጁ ተነሣ፣ ሻይ ይፈላ ተባለ። ሁሉም እንደ ወጉ ሆነ።

ሲመለሱ ማታቱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሮሃ ተቆጥታ ነበር፤ ከቁጣዋ ይልቅ ግን እናቷ አሳዘነቻት።

«ጠበቃዋ ምን ሰማሽ ስትለኝ ምን ልበላት?»

«የሰማሽውን።»

«ሁሉንም?»

«ታዲያ ልትዋሺ ነው?» አለች አስናቀች፤ ማታቱው ሲነቀንቃት ከጭኗ የወደቀውን ቀኝ እጇን በግራዋ አንሥታ ወደ ቦታው መለሰችው።